ሙጫው የእኔ ነው

እስቲ ዝም በሉ! እትዬ ንብረት፣ ኬኩን ይተዉት፤ እግር የለው፣ የትም አይሄድ። ንግግር አድርጊ ብላችሁ ጎትታችሁ ያቆማችሁኝ እናንተው ናችሁ። እኔ ስናገር እናንተ የምታላምጡ ከሆነ ሄጄ ሥራዬን ብሠራ ይሻለኛል።

እሺ። ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። እኔ እንኳ አልነበርኩም፤ የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ገና አልተወለድኩም። ምስክሬ እትዬ ንብረት ናቸው፤ የዚህን የሚዛን ማስተካከያ ክፍል ዕቃ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲያወጡና ሲያስገቡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ አንድ ጠዋት አንድ ቀጭን ሰውዬ በዚያ በር ገባ። ሌላ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ምን ያደርጋል? እንደምን አደራችሁ ይላል፣ ወንበር ይፈልጋል፣ ሻይ የት እንደሚጠጣ ይጠይቃል። ይሄኛው ሰውዬ ከኮት ኪሱ ውሃ ልክ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ቀና አለና ስሙን እንኳ ሳይናገር፣ «ይህ ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል» አለ።

እትዬ ንብረት፣ «ወንድሜ፣ ይህ ጠረጴዛ ዕድሜ ልኩን እዚሁ ነው፤ የወደቀ ሰው የለም» አሉት።

«ሰው አልወደቀም። ሚዛኑ ግን እየዋሸ ነው» አለ።

በቃ። ወንበር ሳያገኝ ስም አገኘ። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጋሽ ሚሊግራም ናቸው። የደመወዝ መዝገቡ ላይ ያለውን ስማቸውን ዛሬ የሽኝት ካርዱን ስንጽፍ ነው የጠየቅነው። ጋሼ፣ አይቆጡ፤ አንዱ ፊደል ተሳስቷል። አዎ፣ አውቃለሁ አይተውታል።

እንደ እሳቸው ያለ ሰው አጠገብ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተቀምጫለሁ። «አንድ ደቂቃ፣ መጣሁ» ብላችሁ ትወጣላችሁ። ስትመለሱ፣ «አራት ደቂቃ ተኩል» ይሏችኋል። «እንዴት አደሩ?» ትላላችሁ። ሌላ ሰው ደህና ይላል፤ እሳቸው ያስባሉ። ቆመው! በር ላይ! «ከትናንት ጥቂት እሻላለሁ» ይላሉ። ትናንት እንዴት እንደነበሩ ማን ጠየቀ? ሻያቸው ውስጥ የሚገባውን ስኳር አስተካክለው፣ ማንኪያውን በጣታቸው መታ አድርገው፣ ትርፏን ወደ ዕቃው ይመልሳሉ። ባለቤታቸው እዚህ ስላሉ ነው እንጂ ቤታቸው ውስጥ ጨው እንዴት እንደሚጨመር እጠይቅ ነበር። ይኸው፣ እሳቸው እየሳቁ ነው። መልሱን አገኘን።

ደግሞ ያቺ ነገራቸው! «ሳይሞቅ አይነካም።» ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ሁላችሁም። ሚዛኑ ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ሰዓት ካልሞቀ አይነካም። ክረምት ላይ እጃቸውን እንኳ ብብታቸው ሥር ካላሞቁ ወረንጦ አይዙም። ደንበኛ ቆሟል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ጋሼ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው የቀዘቀዘች ዶሮ መስለው ቆመዋል። አቤት እንዴት ያናድዱኝ ነበር!

አሁን ወደ ብርጭቆው። ፊታችሁ ያለውን ብርጭቆ አትጠጡት፤ ገና ነው። ለዛሬ ብለው ራሳቸው የጠመቁት ቢራ ነው። ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ሞልቷል፤ ክፋት የለውም። ብቅል በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይጠለላል፣ ይፈላል፣ የሆፕ አበባ ይገባበታል፤ አበባው መራራነቱንና ሽታውን ይሰጣል። ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨመራል፣ ይጠበቃል። ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። ጋሼ ግን ከአበባ ጋር ተጣልተዋል።

«ጋሼ፣ አበባው ምን አደረገዎት?»

«አይታመንም። የአምናው ይመራል፣ የዘንድሮው ይለሰልሳል። ልኩን አይናገርም።»

እንዴ! አበባ ነው እኮ! አበባ ምን ብሎ ይናገር?

እና እሳቸው የሚያስገቡት ምንድን ነው? ሙጫ። ከአበባው ተጨምቆ የወጣ ሙጫ፣ በመርፌ የታሸገ። ቀለሙ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ውፍረቱ የጫማ ሰሪ ማስቲሽ። አሥር ሚሊ ናት፣ ጣቴን አታክልም፤ «የአንድ ፌስታል አበባ ሥራ ትሠራለች» ይሉላችኋል፣ የወለዷት ይመስል። «ጋሼ፣ ቢራ ነው የሚጠምቁት ወይስ ክትባት ነው የሚሰጡት?» ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ክትባትም በልኩ ነው።» ከእኒህ ሰው ጋር ቀልድ እንዴት ይቀለዳል?

ምክንያታቸውን ደግሞ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ምሳ በበላን ቁጥር ሰምቼዋለሁ። አበባው ቢራውን መጥጦ ያስቀራል፣ ሙጫው አያስቀርም። አበባው ማጥለያውን ይደፍናል፣ ሙጫው አይደፍንም። አበባ ያረጃል፣ ሙጫ በቀዝቃዛ ቦታ ዓመታት ይቆያል። የአሁኑ መርፌና የሚቀጥለው መርፌ አንድ ናቸው። እሺ፣ ተስማማን! ግን ቢራውስ? ቢራውም አንድ ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት ያው ቢራ! ጠርሙሱ ላይ ስም እንኳ አይለጥፉም፤ ቁጥር ነው የሚለጥፉት። ሰው ስጦታ ብሎ የሚሰጠው «መራራነት ሃያ ሁለት» የሚል ጠርሙስ ነው። ትቀምሳላችሁ፣ «እንዴት ነው?» ይላሉ። «ጥሩ ነው» ትላላችሁ። «ስንት ጥሩ?»

እናንተ እየሳቃችሁ ነው። እኔ ይህን ሙጫ ስሰድብ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ታውቁኛላችሁ። የሰነፍ ጠማቂ መድኃኒት ነው ብያለሁ። ቢራ በሲሪንጅ የሚጠምቅ ሰው ልጁንም በመመሪያ ያሳድጋል ብያለሁ። አንዴ እንዲያውም አለቃችን ፊት መርፌዋን አንሥቼ፣ «ይህቺን ለጎማ ጠጋኝ ይሽጧት» ብያቸዋለሁ። ጋሼስ? ፈገግ ብለው መርፌዋን ከእጄ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቷታል።

ታዲያ ይህን ያህል የናቅሁትን ሙጫ ለምን ሰረቅሁት?

አዎ፣ ሰማችሁ። እትዬ ንብረት፣ አሁን ማላመጥ ይችላሉ፤ እኔ ነኝ መዋጥ ያቃተኝ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቁልፍ አለ። የድንጋዮቹ ሣጥን ቁልፍ ነው። ለእንግዶች ልንገራችሁ፤ ድንጋይ የምንለው የሚዛን ድንጋይ ነው፣ ብረት ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም። የከተማው ፋርማሲና ወርቅ ቤት ሚዛን ሁሉ የሚስተካከለው በዚያ ሣጥን ውስጥ ባሉት ድንጋዮች ነው። ባለ መቶ ግራሙን አባወራው እንለዋለን። አባወራው ከተሳሳተ ሁሉም ተሳሳተ። ቁልፉን ሠላሳ አራት ዓመት የያዙት ጋሼ ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ እንድይዘው ተወስኗል። ንግግሬን ስጨርስ እንዳነሣው ነው የምትጠብቁት። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አልነካውም።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። እኔ አዲስ ነኝ፣ የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም። አፌ ግን ያኔም ያው ነበር። ቤት ሄጄ ለወንድሜ፣ «አንድ ሽማግሌ አለ፣ ቢራ በመርፌ ይጠምቃል፤ እኔ ብጠምቅ አሳየው ነበር» እላለሁ። ወንድሜ ደግሞ እንደኔው ነገረኛ ነው፤ «እስቲ አሳዪን» ብሎ ሃያ ሊትር የብቅል ውሃ ሊያፈላ ተነሣ። አበባ የት ይገኛል? ፈልጌ አጣሁ። ማፈር አልወድም። በምሳ ሰዓት፣ ሁላችሁም ስትወጡ፣ የጋሼን መሳቢያ ከፍቼ አንድ መርፌ አነሣሁ። ላዩ ላይ በእጃቸው «ዘጠኝ» የሚል ተጽፎበታል። መርፌውን እንኳ ቆጥረዋል!

ለሃያ ሊትር ሁለት ግራም ብለው ሲናገሩ ሰምቼ ነበር። እሺ፣ ሁለት ግራም ልመዝን ብዬ ትልቁን ሚዛን ከፈትኩ። መርፌውን ልገፋው ሞከርኩ፣ ሙጫው እምቢ አለ። ድንጋይ ሆኗል። ማንም ሰው ጭንቅላት ካለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ በሁለት እጄ ገፋሁት። ቧ! አለና ወጣ። ሳሕኑ ላይ፣ ጣቴ ላይ፣ ወረንጦው ላይ። የሚዛኑ ቁጥር አበደ። ሚዛኑን ያበላሸሁት መስሎኝ ደነገጥኩ። ሣጥኑ ጠዋት ለሥራ እንደተከፈተ ነው፤ አባወራውን አውጥቼ ሚዛኑን ልፈትሽ አልኩ። በዚያው ወረንጦ፣ በዚያው እጅ! ሳሕኑን በአልኮል ጠረግሁ፣ ጣቴን ጠረግሁ፣ ወረንጦውን ጠረግሁ። የአባወራውን ሥር አላየሁም።

ቢራው ምን ሆነ? ከዚያ ሁሉ በኋላ ተናድጄ፣ ቤት ስደርስ መርፌውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩና የቀረውን በሙሉ ብረት ድስቱ ውስጥ ለቀቅሁት። ሚዛን የምታስተካክል ሴት በንዴት ሰፈረች! ለመቶ ሊትር የሚበቃውን ለሃያ። ሲደርስ ወንድሜ አንድ ጉንጭ ተጎነጨ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቁጭ አለ። ቆይቶ ምን አለኝ፣ «እህቴ፣ ምን በድዬሽ ነው?» ጓሮ ደፋነው። ጉንዳን እንኳ ዞሮት ነው የሄደው።

ነገሩን በሳቅ ያለፍነው መስሎኝ ነበር። ከሰረቅሁበት ቀን አሥራ ስድስት ቀን በኋላ ጋሼ ድንጋዮቹን እርስ በርስ ሲያመሳክሩ ቆም አሉ። አባወራው አሥራ አራት ሚሊግራም ከብዷል።

ምን አሉ ጋሼ? አሥራ አራት ነጥብ ሁለት? ይኸው! ይኸው ሰውየው! ሰው ነፍሱን እየተናዘዘ ነጥብ ሁለት ይጨምራሉ። እሺ፣ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።

ገለበጡት። ከሥሩ የሙጫ ጠብታ፣ አቧራ ለብሳ። አሸተቱት፤ ሆፕ። በእነዚያ አሥራ ስድስት ቀናት ውስጥ በአባወራው የተስተካከሉ ሃያ ሦስት ሚዛኖች ወጥተው ሄደዋል። የያኔው አለቃ ሁላችንንም እዚህ ክፍል ሰበሰበን። «ይህ የማን ሥራ ነው?»

እኔ የወለሉን ጡብ እቆጥራለሁ። እግሬ ሥር የነበሩት አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አሁንም አሥራ ሁለት ናቸው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሙከራ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ ቃል ብናገር በማግስቱ ቤቴ ነኝ። እና ጋሼ ከዚያ ጥግ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ «ሙጫው የእኔ ነው» አሉ።

እኔ ነኝ አላሉም። ልብ በሉ። እኔ ነኝ ያደረግሁት አላሉም። ሙጫው የእኔ ነው አሉ፤ እውነት ነው፣ የእሳቸው ነው። አለቃው ራሱን ነቀነቀ። «ከእርስዎ አልጠበቅሁም» አለ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ፋይላቸው ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ወር የክፍል ኃላፊ ሊሆኑ ነበር፤ ቀረ። አለቃችን፣ እርስዎ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጡት በዚያ ነው። ወንበሩ ለማን ታስቦ እንደነበር ማንም አልነገረዎትም። እኔ አውቅ ነበር።

ከዚያ ጋሼ በየእረፍት ቀናቸው ቦርሳ ተሸክመው ሃያ ሦስቱን ሚዛን በየቤቱ እየዞሩ እንደገና አስተካከሉ። አንድ ቀን፣ «ቦርሳውን ልያዝልዎ» አልኳቸው። ከንክኖኝ ነው እንጂ ደግነት አልነበረም። አንድ ወርቅ ቤት ገባን። ወርቅ ሠሪው ከላይ እስከ ታች አያቸውና፣ «ቢራ ጠማቂው እርስዎ ነዎት? ሰክረው ነው እንዴ የሠሩልኝ?» አላቸው። ከጀርባቸው ቆሜያለሁ። ቦርሳው እጄ ላይ ነው። ጋሼ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ማሞቅ ጀመሩ። እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን የያዝኩትን ዝምታ ነው ይኸው አሥራ አንድ ዓመት የተሸከምኩት።

እና በማግስቱ ምን አደረግሁ? ሙጫውን ሰደብኩት! ከበፊቱ አብልጬ። ዓይን ያወጣሁ ሴት! የበደልኩት ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ ስለነበረ ዘለፋዬን ሁሉ ወደ መርፌዋ አዞርኩት። እናንተም ስትስቁልኝ ደረቴን ነፋሁ።

አያውቁም ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሰው መሆኔን ማስተዋል የማይችል ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው አድርጌ ስለማያቸው፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ አልገባቸውም፣ እንደ ሞኝ ተሸከሙት ብዬ አምን ነበር። ንቀቴ እዚያ ድረስ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን መሳቢያዎን ላጽዳ ብዬ የጠመቃ ደብተርዎን አገኘሁ። ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከፈትኩት። ያንን ወር ፈለግሁ። ሦስት መስመር ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ዘጠነኛው መርፌ ከመሳቢያ የለም። ከአባወራው ሥር ያለው ሙጫ ድብልብል ነው፣ ሳይሞቅ የተገፋ ነው። ልጅቷ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀራታል።»

ይኸው ነው። ስድብ የለም፣ ምሬት የለም። ሁሌ እንደሚያደርጉት ለክተው ጻፉ፣ ደብተሩን ዘጉ። ሁሉንም ያውቁ ነበር። ሳያውቁ አይደለም የተሸከሙልኝ፣ እያወቁ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆጥረው!

ደብተሩን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ንብረት ገብተው፣ «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ፣ «አቧራ ነው» አልኳቸው። ዋሽቻለሁ፤ እሱንም ከጥፋቴ ጋር ይቁጠሩልኝ።

ጋሼ፣ ቀና ብለው ይዩኝ። እጅዎን ከብብትዎ ያውጡ፣ ዛሬ ሥራ የለም። እኔ ስለ ምስጋና ብዙ አላውቅም፤ የተማርኩት መሳደብ ነው። ወረንጦ አያያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለአንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ መዝኖ ሦስተኛ መመዘን እንደማያሳፍር ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ይህ እንጀራዬ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቴ በሙሉ የተገዛው በእርስዎ ደብዳቤ ነው። አመሰግናለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ሁለቱንም በአንዴ ነው የምለው፤ የትኛው እንደሚከብድ እርስዎ ይመዝኑት።

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እነዚያ የእረፍት ቀናት የእርስዎ ነበሩ።

አለቃችን፣ ቁልፉን አላነሣሁትም። ይኸው፣ ወደ እርስዎ አስጠግቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ያንን ደብዳቤ ከጋሼ ፋይል ያውጡልኝና የእኔን ስም ይጻፉበት። ከዚያ ቁልፉን ለማን እንደሚሰጡ ይወስኑ። የተባልኩትን እቀበላለሁ፣ አልከራከርም።

ምን አሉ ጋሼ? ጮክ ብለው፣ እትዬ ንብረት አልሰሙም። … «ቁልፉን ስጧት፤ አሁን ሞቃለች» አሉ?

ወይኔ ሰውየው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ ሳይናገሩ ቆይተው ዛሬ ይናገራሉ!

እንግዲህ ተነሡ፣ ብርጭቆ አንሡ። አዎ፣ ሙጫ ያለበትን። ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ማንም ደንበኛ በር ላይ አይቆምም፣ ስልክም አይጮህም። ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። ጠረጴዛዎ ያዘንብል፣ ይተዉት። ሻይዎ ውስጥ ስኳር በዝቶ ይጣፍጥዎት። ጠርሙሶችዎ ቁጥር ይኑራቸው፣ እኔ አልቀልድባቸውም። ደግሞ ቢራዎን እንዴት ነው ብለው ይጠይቁኝ፤ ዛሬ ስንት ጥሩ እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

ሁላችሁም ከፍ አድርጉ። ሙጫው የእርስዎ ነው ጋሼ። እጁ የእኔ ነበር። ለጤናዎ!